ሥነ ልሳንንና ፍልስፍናን አጣምሬ ስማር ያለፍሁበት

ሥነ ልሳንንና ፍልስፍናን አንድ ላይ መማር እፈልጋለሁ የሚለኝ ተማሪ ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል፤ ወዲያውም እሰጋለታለሁ። ደስ የሚለኝ ሁለቱ ትምህርቶች የሚፈላለጉ መሆናቸውን ስለማውቅ ነው። የምሰጋው ደግሞ እንደ ሁለት ጭነት ተሸክሟቸው የጀመረ ሰው መሀል መንገድ ላይ ሲዝል ስላየሁ ነው። እኔም እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ካለው የአክስቴ ቤት እየተመላለስሁ ስማር ለማቋረጥ ደርሼ ነበር። የመለሰኝ ነገር ሁለቱ የሚገናኙበትን አንድ ጥያቄ ከገዛ ቋንቋዬ ውስጥ ማግኘቴ ነው። ይኼን ከመጀመሪያው የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ እንቅልፍ ይተርፈኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመጀመሪያው ዓመት ሁላችንም በምንወስደው የሎጂክና የክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ነው። ብዙው ተማሪ ኮርሱን ለማለፍ ይሸመድደዋል፤ ፈተናው ሲያልቅ አብሮ ይረሳዋል። እኔ መምህሩ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን ምሳሌ ሁሉ በአማርኛ ራሴ እየሠራሁ ደብተሬ ላይ አሰፍር ነበር። አንድ ቀን «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» ብዬ ጻፍሁና ቆምሁ። አንድም ሰው አልመጣም ማለት ነው? ወይስ ከፊሉ መጥቶ ከፊሉ ቀርቷል? አጠገቤ የተቀመጡትን ብጠይቅ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሁለቱም ወገን እርግጠኛ ነው። የሎጂክ መምህሩን ስጠይቃቸው «አሉታው ‹ሁሉም›ን ይገዛል ወይስ ‹ሁሉም› አሉታውን ይገዛል? ጥያቄሽ ይኼ ነው» አሉኝና «የቋንቋ መምህራንንም ጠይቂ» ብለው ጨመሩልኝ። የቋንቋ መምህሬ ደግሞ ጥያቄውን ሰምተው «ሎጂክ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» አሉ። አንዱ ወደ ሌላው ሲመሩኝ ሁለቱንም ለመያዝ ወሰንሁ።

ትምህርት ክፍሌ የቋንቋ ነው። ሁለቱን በአንድ ዲግሪ የሚያጣምር መንገድ ስላልነበረኝ ፍልስፍናውን በኦዲት፣ ማለትም ያለ ውጤት ገብቼ በማዳመጥ፣ ተከታተልሁ። በዚህ መንገድ ለምትሄዱ አንድ ምክር አለኝ፦ መምህሩን መጀመሪያ በቃል አስፈቅዱ፤ ከዚያ ያለ ውጤትም ቢሆን አሳይመንቱንም ፈተናውንም እንደ ማንኛውም ተማሪ እንደምትሠሩ ንገሯቸው፤ ሥሩም። ዝም ብሎ ማዳመጥ ፍልስፍና አያስተምርም። ጽፋችሁ፣ ተነቅፋችሁ፣ እንደገና ጽፋችሁ ነው የሚገባችሁ።

ሁለቱ ትምህርቶች ለምን እንደሚፈላለጉ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልናገር። የዛሬው የትርጉም ጥናት መሠረት የጣሉት ፍሬገ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ረስል በ1905 በጻፏቸው ጽሑፎች ነው፤ ሁለቱም ሎጂክ ሠሪዎችና ፈላስፎች ናቸው። የሥነ ልሳን ሊቁ ቾምስኪ በ1957 የሰዋስው ጥናትን አቅጣጫ የቀየሩበት ሥራ ደግሞ ፈላስፎችን ስለ አእምሮ ተፈጥሮ እንደገና እንዲከራከሩ አደረገ። ቾምስኪ ለረጅም ዘመን ባስተማሩበት በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልሳንና ፍልስፍና ዛሬም አንድ ትምህርት ክፍል ናቸው። «ሊንጉስቲክስ ኤንድ ፊሎሶፊ» የሚባል መጽሔትም ከ1977 ጀምሮ ይወጣል። ስለዚህ ዘመድ «ምኑን ከምን ነው የምታገናኚው?» ሲላችሁ አትሸማቀቁ፤ የቆየ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ከበደኝ። በአንድ ሴሚስተር ሲንታክስ (የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ጥናት)፣ ሴማንቲክስ (የትርጉም ጥናት) እና የቋንቋ ፍልስፍና ገጠሙ። የንባቡ ብዛት ብቻ አልነበረም የጎዳኝ፤ ሁለቱ ትምህርቶች የሚፈልጉት የአጻጻፍ ልማድ የተለያየ ነው። ለፍልስፍናው መምህር ያቀረብሁት ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ «ማን ምን እንዳለ ነግረሽኛል፤ አንቺስ?» ተብሎ ተመለሰልኝ። ይኼን አይቼ ለሴማንቲክሱ ጠንካራ ክርክር ጻፍሁ፤ እሱ ደግሞ «ማስረጃው የታል? የዓረፍተ ነገር ምሳሌ ሁለት ብቻ!» ተብሎ መጣ። ፈላስፋው አቋምና ምክንያት ይፈልጋል፤ የቋንቋ አጥኚው ሰዎች በእርግጥ የሚናገሩትን ናሙና ይፈልጋል። አንዱን ለሌላው ማቅረብ ውጤት ያስቀንሳል። ይኼን ልዩነት ከመጀመሪያው ሳምንት ያወቀ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል። እኔ ግን ሳላውቀው ሌሊቱን እየነጋብኝ፣ ምግብ እየቀረብኝ፣ ኮርስ ድሮፕ ለማድረግ ቅጹን ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ዞርሁ።

ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ አንድ ማታ የዴቪድ ካፕላንን ጽሑፍ ኮፒ ይዤ ተቀምጫለሁ። ካፕላን አሜሪካዊ ፈላስፋ ናቸው፤ «እኔ»፣ «አንተ»፣ «ዛሬ»፣ «እዚህ» ስለሚሉ ቃላት የጻፉት ይኼ ጽሑፍ ከ1977 ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1989 ታተመ። ሐሳቡ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ «እኔ» የሚለው ቃል ምንጊዜም የሚያመለክተው ንግግሩን የሚናገረውን ሰው ነው። «አለ» ወይም «ያስባል» የሚል ግስ ስለገዛው ወደ ሌላ ሰው አይዞርም። እንዲህ የሚያዞር ነገር ቢኖር «ጭራቅ» ነው ብለው ስም አወጡለት፤ እንግሊዝኛ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭራቅ የለም፣ ሊጨመርም አይችልም አሉ። ገጹን ደጋግሜ አነበብሁት። ቃላቱ ይገቡኛል፤ ለምን እንደሚያከራክር ግን አልገባኝም።

ከጓዳ አክስቴ ተጣራች። «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይኼ ሳጥን ዛሬም አልከፈትልኝ አለ!»

ሄጄ ቁልፉን እያወዛወዝሁ ሳለ ነው የተናገረችው ነገር የከነከነኝ። ሳጥኑ «አልከፈትልኝ አለ»። እስቲ ቀስ ብላችሁ እዩት። እኔ ስለራሴ «አልሄድም» እላለሁ፤ ስለ እሱ «አይሄድም» እላለሁ። «አል» የመጀመሪያ መደብ ነው፤ የ«እኔ» ነው። ስለዚህ «አልከፈት» ያለው «እኔ» ሳጥኑ ነው። በዚያው ቃል ጫፍ ያለው «ልኝ» ደግሞ ለእኔ ማለት ነው፤ ይኼኛዋ «እኔ» አክስቴ ናት። በአንድ ግስ ውስጥ ሁለት «እኔ» አሉ፤ አንዱ ሳጥን ነው፣ አንዷ አክስቴ ናት። የሳጥኑን ንግግር እንዳለ እየደገመች ነው እንዳንል፣ ሳጥኑ አፍ ቢኖረው «አልከፈትልሽም» ነበር የሚላት። በራሷ አንደበት እየዘገበችው ነው እንዳንል ደግሞ «አይከፈትልኝም» ነበር የምትለው። ከሁለቱም አይደለም። «እንቅልፍ አልወስደኝ አለ»፣ «መኪናው አልነሣልኝ አለ» ስንልም እንዲሁ ነው። ካፕላን ሊኖር አይችልም ያሉት ነገር አክስቴ ጓዳ ውስጥ በየቀኑ ይነገራል።

ሳጥኑ ተከፈተ፤ ቅጹን ግን አላስገባሁም።

ከዚያ በኋላ ስፈልግ ያገኘሁት የበለጠ አስደነቀኝ። ፊሊፕ ሽሌንከር የሚባሉ ፈረንሳዊ የሥነ ልሳን ሊቅ በዚያው በጠቀስሁት መጽሔት ላይ በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ካፕላንን የሞገቱት በአማርኛ ነው። ዋናው ምሳሌያቸው «ጆን ጀግና ነኝ ይላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጀግናው ተናጋሪው አይደለም፣ ጆን ነው። እንደ «አልከፈትልኝ አለ» ያለውን የእምቢታ አነጋገር ደግሞ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1995 ባሳተሙት ትልቁ የአማርኛ ሰዋስው ውስጥ መዝግበውታል። ከእነዚህ በኋላ ብዙ ቋንቋዎች ተመረመሩ፤ ዛዛኪ የሚባለው የቱርክ አገር ቋንቋ አንዱ ነው። ቀድሞ ተብሏል ብዬ አልተከፋሁም። የምኖርበት ቋንቋ በዓለም ትልቅ ክርክር ውስጥ ምስክር ሆኖ መቆሙን ሳውቅ የንባቤ አቅጣጫ ተቀየረ። ከዚያ ወዲያ ሲንታክሱም፣ ሴማንቲክሱም፣ ፍልስፍናውም ለአንድ ጥያቄ የሚሠሩ ሆኑልኝ። ሥራው አልቀነሰም፤ መበታተኑ ግን ቀረ።

እናንተም እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈልጉ። የእኔ መሆን የለበትም። ግን ሦስተኛ ዓመት እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ከቤታችሁ፣ ከገበያ፣ ከታክሲ ውስጥ አድምጡ። እኔ ከዚያ ወዲህ የያዝሁት ልማድ ይኼ ነው፦ አንድ ጽሑፍ ባነበብሁ ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ የጸሐፊውን ዋና ሐሳብ በራሴ አማርኛ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ሐሳቡን ሊያፈርስ የሚችል አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እፈልጋለሁ። የሚያፈርስ ካጣሁ የሚደግፈውን እጽፋለሁ። ይኼ አንድ ገጽ ሁለቱንም መምህራን ያስደስታል፤ አቋምም ናሙናም አለበትና። ለፈተና ሳጠና ሃንዳውቱን ትቼ እነዚህን ገጾች ብቻ ነበር የማገላብጠው።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ካላችሁ፣ አብዛኞቻችንን ይከብደናል፤ ጽሑፎቹ ለአገሬው ተወላጅም ከባድ ናቸው። አንዱን አንቀጽ አንብባችሁ መጽሐፉን ዝጉና ለጓደኛ፣ ጓደኛ ካልተገኘ ለስልካችሁ መቅረጫ፣ በአማርኛ አስረዱ። የተንተባተባችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው፤ ወደዚያ ብቻ ተመለሱ። ስለ አማርኛ ዓረፍተ ነገር አወቃቀር በአማርኛ ለማንበብ የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) አለ። ከእንግሊዝኛው የሲንታክስ መጽሐፍ በፊት እሱን ማንበብ ለእኔ ብዙ ቀንሶልኛል።

ሎጂክን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፦ አታዘግዩት። የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ የክርክርን ስሕተቶች ያሳያችኋል፤ ሴማንቲክስ ግን የ«ሁሉም»ንና የ«አንድ»ን ምልክቶች አጣምሮ መጻፍ ይጠይቃል። «ሁሉም ተማሪ አንድ መጽሐፍ አነበበ» የሚለውን ውሰዱ። ያነበቡት አንድ ያው መጽሐፍ ነው? ወይስ እያንዳንዱ የየራሱን? ሁለቱን ትርጉሞች በምልክት ለይታችሁ መጻፍ ከቻላችሁ ለሴማንቲክስ ዝግጁ ናችሁ። የመጽሐፉን መልመጃ ብቻ አትሥሩ፤ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር በየቀኑ አንድ አንድ ወደ ምልክት ለውጡ። ሒሳብ አልወድም ብለው የቋንቋ ክፍል የመረጡ ብዙ ጓደኞች ነበሩኝ፤ እዚህ ጋ ተሰናክለው ትምህርቱን ጠሉት። ክረምት ላይ ቢጀምሩት ኖሮ አይጠሉትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጎንደር ውስጥ መማር ለዚህ ጥምረት የሚሰጠው ነገር አለ፤ ብዙ ተማሪ አይጠቀምበትም። ከከተማው ወጥታችሁ በባሕር ዳር መንገድ ስትሄዱ እንፍራዝን ታገኛላችሁ። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ እንደሚተርከው፣ ከአክሱም አካባቢ በሱስንዮስ ዘመን የተሰደደው ፈላስፋ ዋሻ ውስጥ ከቆየ በኋላ የኖረው፣ ሀብቱ የሚባለውን ባለጸጋ ልጆች ያስተማረው፣ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ሐተታውን የጻፈው እዚያ ነው፤ ጽሑፉም የ1667 እ.ኤ.አ. ነው ይላል። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 የሐተታው ደራሲ ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ብራናውን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ የላኩት ካፑቺኒው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ናቸው ብለው ጻፉ። ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጧቸው የኢትዮጵያ ፍልስፍና ጥራዞች የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ይኼን የማነሣው ለአገር ኩራት ብቻ አይደለም። የፍልስፍና ተማሪዎች ሐተታውን በእንግሊዝኛ አንብበው «የእኛ ነው» «አይደለም» ሲባባሉ እሰማለሁ። ክርክሩ ግን የሚወሰነው በግዕዙ ነው፦ በአጻጻፍ ስልቱ፣ በዳዊት ጥቅሶቹ፣ በዘመኑ ከተጻፉ ሌሎች ጽሑፎች ጋር ሲነጻጸር በሚታየው። ያለ ቋንቋ ዕውቀት የፍልስፍናውን ጥያቄ መንካት አይቻልም። ፍልስፍና የምትወዱ ሁሉ በትንሹ የግዕዝ ግስ ተማሩ። ጎንደር ላይ መምህር አይታጣም።

እኔም በዚህ ምክንያት አንድ የኔታ ዘንድ መመላለስ ጀመርሁ። በቅኔ ቤት የሚሰጠው የግስ ትምህርት ለሥነ ልሳን ተማሪ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ እዚያ አየሁ። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሤመ፣ ክህለ፣ ጦመረ፤ ስምንቱ የግስ አርእስት የግዕዝን ግሶች በየቅርጻቸው የሚያሰልፉ ናቸው። የሥነ ምዕላድ (የቃላት አወቃቀር ጥናት) መምህራችን ሰሌዳ ላይ ያደረጉት ይኼንኑ ነበር። ግን ሁሉን ነገር ከሁሉ ጋር ለማመሳሰል አትቸኩሉ። እኔ የሰምና ወርቅን ነገር ከፈላስፋው ከግራይስ ንድፈ ሐሳብ ጋር አንድ ነው ብዬ ጽፌ ለየኔታ አነበብሁላቸው። ግራይስ በ1975 በታተመው ጽሑፋቸው ሰው ከተናገረው በላይ እንዴት እንደሚያስተላልፍ ያስረዳሉ፤ «ሙሽራዋ ቆንጆ ናት?» ሲባል «ቀሚሷ ያምራል» ብሎ የሚመልስ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ይገባናል። የኔታ አዳምጠው ሲያበቁ «ልጄ፣ ወርቁ ያለው ከቃሉ ውስጥ ነው፤ ከሰሚው ግምት አይደለም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። «ቀሚሷ ያምራል» ያለው ሰው «እሷማ ከቀሚሱም ትበልጣለች» ብሎ ሊያስተባብል ይችላል፤ ቅኔው ውስጥ የተቀመጠውን ወርቅ ግን ባለቅኔው ራሱ ሊያስተባብለው አይችልም። ያ አንድ ዓረፍተ ነገራቸው ጽሑፌን ከመሠረቱ አስቀየረኝ፤ የተሻለም አደረገው።

ሰው መጠየቅ ላይ ደግሞ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ለጥናት ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ወደ ትልቅ ሰው ስትሄዱ «ይኼ ትክክል ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «እንዲህ አይባልም ልጄ» ይሏችኋል፤ አይባልም የሚሉት ሰዋስው ስለተበላሸ ሳይሆን ነውር ስለሆነባቸው ሊሆን ይችላል። «አንተ» ያለበትን ምሳሌ በ«እርስዎ» ስለውጠው ብዙ ጊዜ መልሱ አብሮ ተለወጠብኝ። የሚሻለው ታሪክ ነግሮ ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። «ጓደኛዬ እናቴ ታመመች አለኝ» ብዬ እናገርና «የታመመችው የማን እናት ናት?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ሳያመነታ «የጓደኛሽ ነዋ» ይላል። ጥቂቶች ግን «ጓደኛሽ ከእናትሽ አገር ከሆነ…» ብለው ያስባሉ። እነዚያ የሚያስቡት ናቸው ዋጋ ያላቸው፤ መልሳቸውን ብቻ ሳይሆን ምክንያታቸውንም ጻፉ። ለመቅረጽ ፈቃድ ጠይቁ፤ ስም አትመዝግቡ፤ ቡና ከቀረበላችሁ ጠጥታችሁ ተነሡ፤ ቸኩሎ የመጣ ጠያቂ ችኩል መልስ ነው ይዞ የሚሄደው።

ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ያዳነኝ አስቀድሜ ያወረድሁት ነው። ስታንፎርድ ኢንሳይክሎፒዲያ ኦፍ ፊሎሶፊ በነጻ የሚነበብ ነው፤ ስለ ፍሬገ፣ ስለ ፕራግማቲክስ (ንግግር በዐውዱ ስለሚይዘው ትርጉም)፣ ስለ «እኔ»ና «ዛሬ» ዓይነት ቃላት ያሉትን ጽሑፎች መብራትና ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ በፍላሽም በስልክም አስቀምጡ። ብዙ ሊቃውንት ጽሑፎቻቸውን በየገጻቸው በነጻ ይለጥፋሉ። ዋና ዋናዎቹን ኮፒ ቤት ወስዳችሁ በወረቀት ያዙ፤ በትንሽ ስክሪን ላይ የሎጂክ ምልክት ማንበብ ዓይንንም ትዕግሥትንም ይጨርሳል።

የመመረቂያ ጽሑፌን ፕሮፖዛል ሳቀርብ ርዕሴ ገና ሰፊ ነበር፤ «በአማርኛ ትርጉምና ዐውድ» የሚል ነገር። አማካሪዬ «ይኼ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ አንድ ግስ ምረጪ» አሉኝ። «አለ»ን መረጥሁ። ርዕስ ሲጠብ የሚያልቅ ይመስላል፤ አያልቅም። በዲፌንሱ ቀን አንዱ ፈታኝ የጠየቁኝ ጥያቄ ለሁላችሁም ስለሚጠቅም ልንገራችሁ። «‹አልከፈትልኝ አለ› እኮ የታወቀ የእምቢታ ፈሊጥ ነው፤ ሌላው ‹ነኝ አለ› ደግሞ ቀጥተኛ ጥቅስ ነው። ጭራቁ የታለ?» አሉኝ። ተዘጋጅቼበት ነበር። በዕለት ተዕለት የምንለውን አቀረብሁላቸው፦ «ልጅዎ መቼ እመጣለሁ አለ?» እዚህ ላይ እምቢታ የለም፤ ፈሊጥም አይደለም። ልጁም «መቼ እመጣለሁ?» ብሎ አልጠየቀም፤ «መቼ»ው የእኔ የጠያቂዋ ነው። «እመጣለሁ» ግን የልጁ ነው። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእሱ የሆነ ዓረፍተ ነገር ቀጥተኛ ጥቅስ ሊሆን አይችልም። ፈታኙ ዝም ብለው ጻፉና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ከዲፌንስ በፊት ልታደርጉት የሚገባው ይኸው ነው፦ ሥራችሁን ሊያፈርስ የሚችለውን ጠንካራውን ተቃውሞ ራሳችሁ ጻፉት፤ መልሱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ምሳሌ ያዙ።

ስለ ሥራ የሚጠይቁኝ ወላጆች አሉ፤ አባቴም ሁሌ የሚያነሣው ይኼንኑ ነበር። እውነቱን መናገር ይገባኛል፦ በዚህ ስም የሚወጣ ማስታወቂያ አላየሁም። ከእኛ ውስጥ ያስተማሩ፣ የተረጎሙ፣ ያረሙ፣ ለማስተርስ የቀጠሉ አሉ። አማርኛን ለኮምፒውተር የማስተማሩም ሥራ አለ፤ ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ተርጓሚው መሣሪያ «ጀግና ነኝ አለ» ውስጥ ጀግናው ማን እንደሆነ እንዲያውቅ የሚያደርጉ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ለዚህ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ትንሽ ፕሮግራሚንግ፣ ፓይተን ቢሆን ይበቃል፣ አብራችሁ ተማሩ። አባቴን ያሳመነው ክርክሬ ሳይሆን በትርጉም ያገኘሁት የመጀመሪያ ክፍያ ነው፤ ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለሚወደን ስለሆነ ገና በትምህርት ላይ ሳላችሁ ትንሽም ቢሆን ሠርታችሁ አሳዩት።

ርዕስ ላጣችሁ ደግሞ እኔ ያልደረስሁባቸውን ልተውላችሁ። ጓደኛችሁ ሰኞ «ነገ እመጣለሁ» ብሏችሁ ረቡዕ ላይ «ነገ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር» ስትሉ «ነገ» ማክሰኞ ነው ወይስ ሐሙስ? «እመጣለሁ» ወደ ጓደኛችሁ ሲዞር «ነገ»ም አብሮት የግድ ይዞራል? «እዚህ»ስ? «ጀግና ነኝ አለ» እና «ጀግና እንደሆነ ተናገረ» የሚሉት ሁለት አገነባቦች እኔነትን የሚይዙት ለምን በተለያየ መንገድ ነው? ልጆች «አለ»ን እንዲህ መጠቀም የሚጀምሩት በስንት ዓመታቸው ነው? የመጨረሻውን የሚይዝ ሰው ካለ አዋቂውን ትቶ ከመዋዕለ ሕፃናት ይጀምር፤ ወላጆችንም መምህራኑንም አስቀድሞ ያስፈቅድ።